ጠባብነት ይስባል፣ ጠባብነት ያዘገያል

የሶፍት ወረቀት ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ብትይዙት ውሃው ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር በዓይን እየታየ ይሮጣል። ቀጥሎ ይደክማል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብላችሁ ትጠራጠራላችሁ። መሮጡም መድከሙም ምክንያቱ አንድ ነው፤ በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ። ክፍተት በጠበበ ቁጥር ፈሳሽን አጥብቆ ይስባል፤ በጠበበ ቁጥር ደግሞ መተላለፊያ ይነፍገዋል። የግድግዳ እርጥበትም፣ የፋኖስ ክርም፣ የላቦራቶሪ የደም ቱቦም ሆነ በዛፍ ግንድ ውስጥ የሚወጣው ውሃ የሚታዘዙት ለዚህ ፉክክር ነው።

ስበቱ ከየት ይመጣል?

የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ። መሀል ያለ ሞለኪውል ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚሳብ ወዴትም አያዘነብልም። ገጹ ላይ ያለው ግን ከላይ የሚስበው ውሃ የለም። በዚህ የተነሳ የውሃ ገጽ እንደተወጠረ ስስ ላስቲክ ሁልጊዜ ለመጥበብ ይታገላል። የገጽ ውጥረት የሚባለው ይህ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በአንድ ሜትር 0.0728 ኒውተን ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የገጽ ጠርዝ 7 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን ነገር ማንጠልጠል ይችላል እንደማለት ነው። እዚህ ግባ የሚባል ጉልበት አይደለም። ጉልበት የሚሆነው የሚሸከመው ውሃ በጣም ሲያንስ ነው።

ንጹሕ መስታወት የውሃ ወዳጅ ነው፤ ውሃው ሲነካው በግድግዳው ላይ ተዘርግቶ መውጣት ይፈልጋል። ጠባብ የመስታወት ቱቦ ውሃ ውስጥ ስታቆሙ ጠርዙ በግድግዳው ላይ ሽቅብ ይሳባል፣ የተወጠረው ገጽም ከሥሩ ያለውን ውሃ ተከትሎት እንዲወጣ ያደርጋል። የሚስበው የቱቦው የውስጥ ዙሪያ ነው፤ ሸክሙ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ። ዲያሜትሩን በግማሽ ብትቀንሱ ዙሪያው ግማሽ ይሆናል፣ የቀዳዳው ስፋት ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጉልበቱ ግማሽ ሆኖ ሸክሙ ሩብ ስለሆነ ዓምዱ እጥፍ ይረዝማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ጁሪን እ.ኤ.አ. በ1718 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ደንቡ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ለውሃና ለንጹሕ መስታወት በቃል የሚያዝ ስሌት አለ። 30ን በሚሊ ሜትር በተለካው የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር አካፍሉት፤ መልሱ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ በሚሊ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ቱቦ 3 ሴንቲ ሜትር ያነሳል፣ የ0.1 ሚሊ ሜትር ቱቦ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የ0.01 ሚሊ ሜትር ደግሞ 3 ሜትር። ለኢታኖል ቁጥሩ 30 ሳይሆን 11 ተኩል ያህል ነው፤ ቀለል ያለ ፈሳሽ ቢሆንም የገጽ ውጥረቱ ከውሃው ሢሶ አይበልጥም። ሜርኩሪ ደግሞ መስታወትን ስለማይወድ ጭራሽ ወደ ታች ይሸሻል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ከውጪው ደረጃ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ገጹም ወደ ላይ ይጎብጣል።

ብዙዎች ውሃውን የሚያወጣው የአየር ግፊት ይመስላቸዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ሃክስቢ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ሞክሮ ውሃው እንደዚያው ሲወጣ አይቷል። የቱቦው ግድግዳ መወፈርና መሳሳትም ለውጥ እንደሌለው አረጋግጧል፤ የመስታወቱ ስበት የሚሠራው ውሃውን በቀጥታ በሚነካው ገጽ ላይ ብቻ ነውና።

ይህን በቱቦ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ያነሰ ቁጥር ያገኛል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የጣት ቅባት መስታወቱን ከውሃ ያቆራርጠዋል። በሳሙና አጥቦ በደንብ አለማለቅለቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ በውሃው ውስጥ የቀረ ሳሙና የገጽ ውጥረቱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ዓምዱም በዚያው ልክ ያጥራል። ቱቦውን ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ መጀመሪያ ጠለቅ አድርጎ ነክሮ ግድግዳውን ማርጠብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ ነው። ልኬቱ ከውጪው የውሃ ደረጃ እስከ ጎድጓዳው ገጽ ዝቅተኛ ነጥብ ነው እንጂ በግድግዳው ላይ እስከወጣው ጠርዝ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ተስፋ ማክሰም ያስፈልጋል። ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ከሆነ ቱቦውን 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ብንቆርጠው ከላይ እየፈሰሰ ነፃ ምንጭ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ውሃው አፉ ላይ ሲደርስ የገጹ ጉድጓድ ጠፍጠፍ ብሎ ይቀንሳል፣ ስበቱም የ20 ሴንቲ ሜትሩን ዓምድ ለመሸከም በሚበቃው ልክ ይሆናል፤ እዚያው ይቆማል። ከዕቃ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ክር ውሃ የሚያንጠባጥበው የውጪው ጫፉ ከውስጡ የውሃ ደረጃ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ሥራውን የሚሠራው የመሬት ስበት ነው፤ ክሩ መንገድ ብቻ ይሰጣል።

ፍጥነቱ ሌላ ጉዳይ ነው

እስካሁን ያልነው ውሃው የት ይቆማል የሚለውን እንጂ መቼ ይደርሳል የሚለውን አይመልስም። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ግድግዳውን በነካበት ቦታ ይቆማል፣ መሀሉ ብቻ ይሮጣል። ቱቦው ሲጠብ ከግድግዳ የራቀ መሀል የሚባል ነገር እየጠፋ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያሳተመው ልኬት እንደሚያሳየው ግፊቱና ርዝመቱ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አራት ጊዜ በራሱ የተባዛ ቁጥር ነው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጡን ዙሪያውን 0.1 ሚሊ ሜትር ዝቃጭ ቢይዘው ቀሪው ዲያሜትር 0.8 ነው፤ ቀላል ይመስላል፤ ፍሰቱ ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። የጠብታ መስኖ ቀዳዳዎች ገና ሳይደፈኑ ውሃቸው የሚጠፋው ለዚህ ነው።

አንዱን የ1 ሚሊ ሜትር ቱቦ የ0.1 ሚሊ ሜትር በሆኑ 100 ቱቦዎች ብትተኩት የቀዳዳው ጠቅላላ ስፋት አይለወጥም። በእኩል ግፊት የሚያሳልፉት ውሃ ግን መቶኛ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቱቦዎቹ የሚስቡበት ጉልበት አሥር እጥፍ ጨምሯል። አሥር እጥፍ ስበት፣ መቶ እጥፍ እንቅፋት፤ ሲጠፋፉ አሥር እጥፍ መዘግየት ይቀራል። ጠባቡ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ዘግይቶ።

ሌላው ነገር፣ ፈሳሹ በገባ ቁጥር ከኋላው የሚጎትተው የውሃ ጅራት ይረዝማል። የፊተኛው ጠርዝ የሚስበው በዚያው ጉልበት ነው፤ ጅራቱ ግን እየከበደ ነው። ተመራማሪዎቹ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ዋሽበርን በ1921 እንዳሳዩት ርቀቱ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል፤ እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። አግድም በተኛ ባለ 20 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው) ቱቦ ውስጥ ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 27 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ቱቦው 2 ማይክሮሜትር ከሆነ ለዚያው ርቀት 4 ደቂቃ ተኩል ያስፈልገዋል። ቀጥ ብለው ቢቆሙ ግን የመጀመሪያው 1.5 ሜትር ላይ ሲያቆም ሁለተኛው እስከ 15 ሜትር የሚያነሳ ስበት አለው።

ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይቻላል። ከማጣሪያ ወረቀት 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ፤ በእርሳስ በየሴንቲ ሜትሩ አስምሩበት። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወረቀቱን በረጅም ብርጭቆ ወይም ማሰሮ ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ አንጠልጥሉት፣ የታችኛው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ አፉንም ክደኑት። ከዚያ በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ9ኛውና በ16ኛው ደቂቃ ከውሃው ደረጃ በላይ የወጣውን ለኩ። በ1 ደቂቃ 2 ሴንቲ ሜትር ከወጣ በ4 ደቂቃ 4፣ በ9 ደቂቃ 6 አካባቢ መጠበቅ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ከዚህ ማነሱ አይቀርም፤ የውሃው ክብደት ሒሳብ ውስጥ እየገባ ነው። ክዳን የረሳ ሰው የሚያየው ከዚህም ያነሰ ነው፤ ወረቀቱ ከጎኑ በትነት ያጣዋል። ወረቀቱ ብርጭቆውን ከነካ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ስስ ክፍተት ራሱ ቱቦ ሆኖ ውሃ ሽቅብ ይስባል፣ ልኬቱም ይበላሻል።

ሙከራውን በ40 ዲግሪ ውሃና ሁሉም ነገር በዚያው ሙቀት ሆኖ ብትደግሙት ውሃው በእኩል ጊዜ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ይርቃል። ሙቀት የገጽ ውጥረቱን የሚቀንሰው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ዝልግልግነቱን ግን በሢሶ ያወርደዋል። ፈጥኖ ይሄዳል፤ የመጨረሻ ከፍታው ግን ጥቂት ያጥራል።

የደም ቱቦው ለምን ይጋደማል?

በላቦራቶሪ የቀይ ደም ሴል መጠን የሚለካበት ካፒላሪ ቲዩብ 75 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የውስጥ ዲያሜትር አለው። እስከ ሁለት ሢሶው ወይም እስከ ሦስት አራተኛው፣ ማለትም ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ደም መያዝ አለበት። ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት ግን ደሙ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ የደም የገጽ ውጥረት ከውሃው ያነሰ ነው፣ ክብደቱም ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ቱቦው አግድም ወይም ትንሽ ቁልቁል ተደርጎ ይያዛል፤ ያኔ ክብደቱ እንቅፋት አይሆንም፣ ደሙ በራሱ ይሞላል። ከጠብታው ላይ ለአፍታ እንኳ ቢነሳ አየር ይገባና ዓምዱ በአረፋ ይቆረጣል። ከሞላ በኋላ በጣት ይያዝና ደም ያልነካው ደረቅ ጫፍ በማሸጊያ ጭቃ ይደፈናል።

በነገራችን ላይ በሰውነታችን ውስጥ ካፒላሪ የሚባሉት የደም ሥሮች ስማቸውን ያገኙት ከቅጥነታቸው ነው እንጂ ደሙ በዚህ ስበት አይሄድባቸውም። ሁሌም ሙሉ ስለሆኑ በውስጣቸው የሚስብ ገጽ የለም፤ የሚገፋው ልብ ነው።

ከቱቦ ወደ አፈር

አፈር፣ ጡብና ስፖንጅ አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ የላቸውም፤ የተጣመመና የሚገናኝ የክፍተት መረብ ነው ያላቸው። እያንዳንዱን ቀዳዳ መቁጠር ስለማይቻል ጠቅላላ አሳላፊነቱ ይለካል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ስለ ዲዦን ከተማ የውሃ አቅርቦት ባሳተመው ሥራ ውስጥ በአሸዋ ዓምድ ያደረገውን ሙከራ አስፍሯል፤ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከግፊቱ ልዩነትና ከስፋቱ ጋር ይጨምራል፣ ከዓምዱ ርዝመት ጋር ይቀንሳል። ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት አሸዋና ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ አፈር እናወዳድር። በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት፣ የውሃው የከፍታ ልዩነት ከሚያልፍበት ርቀት ጋር እኩል በሆነበት ግፊት፣ መካከለኛ አሸዋ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል ሊያሳልፍ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለው ሸክላ በሙሉ ቀን ከአንድ ሊትር አሥረኛ የማይሞላ ውሃ ነው የሚለቅ።

የአበባ መትከያ ላይ የሚሠራው ስህተት ከዚህ ይመጣል። ሰው ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ብሎ ከሥር ጠጠር ይደለድላል፣ በላዩ አፈር ይሞላል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የአፈሩ ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ውሃውን አጥብቆ ይዟል፤ የጠጠሩ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ለመሳብ አቅም የለውም። ውሃ ከጠባብ ወደ ሰፊ በፈቃዱ አይሻገርም፤ ድንበሩ ላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይጠብቃል። እንበልና መትከያው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፣ አፈሩም ውሃ ካጠጡት በኋላ የታችኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ አድርጎ የሚይዝ ዓይነት ነው። ያለ ጠጠር ለሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር አየር ያለው አፈር ይቀርለታል። 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ስትጨምሩ ጭቃው አይጠፋም፤ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይነሳል። አሁን ለሥሩ የቀረው 10 ነው።

በስፖንጅ ማየት ይቻላል። አራት ማዕዘን ስፖንጅ ውሃ አጥግባችሁ በጠፍጣፋው አግድም ያዙትና ማንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ ሳትጨምቁ በረጅም ጎኑ አቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል። ቀዳዳዎቹ አልተለወጡም፣ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው፤ የያዙት ዓምድ ሲረዝም የላይኞቹ መሸከም ያቅታቸዋል። መፍትሔውም እዚያው ላይ ነው፦ ረዘም ያለ መትከያ፣ ወይም በታችኛው ቀዳዳ ተስቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቁልቁል የሚንጠለጠል ክር። ክሩ የውሃውን ዓምድ ስለሚያረዝም ከጭቃው ላይ ይቀንሳል። ጥሬ ጥጥ ግን አይሆንም፤ የተፈጥሮ ሰም ስላለው ውሃ አይቀበልም። ቁራጩን ውሃ ላይ ጣሉት፤ በጥቂት ሰከንድ ከሰመጠ ይሠራል፣ ከተንሳፈፈ በሶዳ መቀቀል አለበት። ከመትከላችሁ በፊትም ክሩን አርጥቡት።

አትክልተኛውን የሚያስቸግረው ይህ ጠባይ ለግንበኛ ወርቅ ነው። ከወለል በታች የሚደረግ የታጠበ ጠጠር፣ ክፍተቱ ብዙ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ውሃ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ማንሳት አይችልም፤ ከመሬት የሚመጣው እርጥበት እዚያው ይቆረጣል። 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር የሚደረገው ውሃው ያን ያህል ስለሚወጣ አይደለም፣ አፈር ቢደባለቅበት መጠባበቂያ እንዲኖረው ነው። ጠጠሩ ካልታጠበና ደቃቁ ከቀረ ክፍተቶቹ ይሞላሉ፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በጡብ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሒሳቡ የሚገርም ነው። 1 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ጡብ በስሌቱ መሠረት ውሃ 30 ሜትር ማንሳት ነበረበት። በእውን ግን የግድግዳ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ይቆማል። የሚያቆመው ክብደቱ አይደለም፤ ትነት ነው። በጠባብ ቀዳዳ በዝግታ የሚወጣው ውሃና ከግድግዳው ገጽ የሚተነው እኩል ሲሆኑ መስመሩ ይረጋል። እዚያ መስመር ላይ ውሃው ይሄዳል፣ ይዞት የመጣው ጨው ይቀራል፤ ልስኑን የሚያረግፈው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። እርጥቡን ለመደበቅ ውሃ በማያሳልፍ ቀለም ወይም በሲሚንቶ ልስን የሸፈነ ሰው ትነቱን ዘጋው እንጂ ምንጩን አልነካም፤ ውሃው የሚተንበት ቦታ እስኪያገኝ ከሽፋኑ በላይ ይወጣል። መቆረጥ ያለበት ከእግሩ ነው፣ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ።

ዛፍ ፉክክሩን እንዴት ፈታው?

በግንድ ውስጥ ውሃ የሚወስዱ ቧንቧዎች 50 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ቢኖራቸው በራሳቸው ስበት የሚያነሱት 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ለቁጥቋጦም አይበቃም፤ ረጅሙ የካሊፎርኒያ ሴኮያ ዛፍ ደግሞ ከ115 ሜትር በላይ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዲክሰንና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረቡት ማብራሪያ ስበቱን ከግንዱ አውጥቶ ቅጠሉ ላይ ያደርገዋል። በቅጠል ሴሎች ግድግዳ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለኩ ናቸው፤ 10 ናኖሜትር ዲያሜትር ያለው ክፍተት ከከባቢ አየር ግፊት 280 እጥፍ በላይ የሚሆን ጉተታ መቋቋም ይችላል። 115 ሜትር ለማንሳት ክብደቱ ብቻ የሚጠይቀው 11 ወይም 12 እጥፍ ነው። ውሃው በእነዚህ ደቃቅ አፎች ሲተን ከኋላው ያለው ያልተቆረጠ ዓምድ እስከ ሥር ድረስ ይጎተታል። የሚስበው ጠባብ፣ የሚያመላልሰው ሰፊ፤ ጠባቡ መንገድ ከሺህኛ ሚሊ ሜትር አይረዝምም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አያዘገይም።

ዋጋው የዓምዱ መወጠር ነው። የተወጠረ ውሃ ውስጥ አየር ከገባ አረፋው ይሰፋና ያ ቧንቧ ከሥራ ይወጣል። አረፋው ወደ ጎረቤት ቧንቧ እንዳይዛመት የሚያግደው በመካከላቸው ያለው ባለ ደቃቅ ቀዳዳ ስስ ግድግዳ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ በቀዳዳዎቹ ላይ የተወጠረው ገጽ ግን አየሩን አያሳልፍም። የተቆረጠ አበባ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልገው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ በተቆረጠበት ቅጽበት ቅጠሎቹ መሳባቸውን ስላላቆሙ አየር በአንገቱ ገብቷል። ግንዱን እንደገና ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በተሳለ ቢላ መቁረጥ ነው፤ ያኔ የተከፈቱት ቧንቧዎች የሚስቡት አየር ሳይሆን ውሃ ይሆናል።